ነርሷን ያዳኑ ሦስት ሰዎች

በአንድ ወቅት፣ አውራ ጎዳና ዳር ባለች ከተማ፣ አመለወርቅ የምትባል ነርስ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆማ በሽተኛ ትቀበል ነበር። አንበርብር የሚባል ጎልማሳ ከጭነት መኪና ወድቆ እግሩ የተሰበረ ወንድሙን ይዞ ከጠዋት ጀምሮ ተራ ይጠብቃል። ድንገት አንዲት እናት ትንፋሽ ያጠረው ልጇን ታቅፋ ደረሰች። አመለወርቅ ልጁን ልታስገባ ስትል አንበርብር ተነሣባት።

«እኛ ቀድመን መጥተን! ምንሽ ነው፣ የአክስትሽ ልጅ?»

«ወንድሜ፣ እዚህ ተራው በመቅደም አይደለም፤ በትንፋሽ ነው።»

«የኔ ወንድምስ የሚጮኸው በምን ይመስልሻል?» ብሎ ግሉኮስ የሚሰቀልበትን ብረት አነሣ።

ዘበኛው ወልደሰንበት አመለወርቅን ከእናትና ልጁ ጋር ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ አብሮ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ልጁ ኦክስጅን አገኘ፤ ዳነ። ሌላው ነርስ ሙሉሰውና ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ግን ከብረቱ ጋር ውጭ ቀሩ።

ሙሉሰው መሸሽ ይችል ነበር፤ አልሸሸም። አንበርብር በሩን ሊሰብር ሲል መካከል ገባ። «እኔን ምታ፤ በሩን ተው» አለው። መታው። በሩ ተረፈ፣ ክንዱ ተሰበረ። ስንት ሰው መርፌ የሚወጋ፣ ስንት ቁስል የሚያሽግ እጅ ከክፍሉ ጎደለ።

የካርድ ክፍሏ ሸዋረገድ በመስኮቷ ጮኸች፤ «የወንድምህ ተራ ደርሷል! ራጅ ክፍል ውሰደው፣ ቶሎ በል!» ውሸቷን ነው። አንበርብር ብረቱን ጥሎ የወንድሙን አልጋ እየገፋ ሮጠ፤ እዚያ ሲደርስ በስልክ ተጠርቶ የመጣ ፖሊስ ያዘው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተመታም። ወረፋው ግን ፖሊሱን ሳያይ፣ ብረት ያነሣ ሰው ተራ እንደሚደርሰው አየ። በማግስቱ አንዱ አስታማሚ ድንጋይ ይዞ መጣ።

አመለወርቅ «እዚያ በር ላይ ብቻዬን አልቆምም፤ ካልሆነ ሥራዬን እለቃለሁ» አለች። ኃላፊው የሚመድብላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «ምረጪ» አላት። ሦስቱም እኔ ልሁን አሉ።

«እኔ ባልቆልፈው ምን በር ነበረ?» አለ ወልደሰንበት።

«የቆለፍክብኝስ እኔ አይደለሁም?» አለ ክንዱ በጄሶ የታሰረው ሙሉሰው።

ሸዋረገድ ሳቀች። «ብረቱን ያስጣለው የኔ አፍ ነው!»

«ነገስ ምን ብለሽ ልትዋሺ ነው?» አላት ዘበኛው።

አመለወርቅ ጋውኗን ለብሳለች። ውጭ ወረፋው ይንጫጫል፣ የአንበርብር ዘመዶችም መጥተዋል፣ በሩም ይንኳኳል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ በሩ ሲከፈት አጠገቧ መቆም የሚገባው ማን ነው?