አራተኛ ፎቅ የወጣው እግር

አንድ የቀን ሠራተኛ ሕንፃ ሲሠራ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሆስፒታሉ «የኢንሹራንሱን ደብዳቤ ካላመጣህ ቀዶ ጥገና የለም» አለው፤ ኢንሹራንሱ ደግሞ «ተጎጂው ራሱ በአካል ቀርቦ ካልታየ ደብዳቤ የለም» አለ። ቢሮው ያለው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። እንግዲህ ምን ይደረግ! የሥራ ጓደኛው አንለይ በጀርባው አዝሎ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ አወጣው። ከኃላፊው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦት ላቡን ሊጠርግ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰ።

ኃላፊው ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ቀና አለ።

«እግሬ ተሰበረ የምትለው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«እና አራት ፎቅ ወጥተህ መጣህ? እግሩ የተሰበረ ሰው እዚህ አይደርስም፤ እዚህ የደረሰ ደግሞ እግሩ አልተሰበረም። አልፈርምም!»

ሰውየው በጣውላ የታሰረ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አመቻቸና ፈገግ አለ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ። ይኼ ሕንፃ ሲሠራ ሲሚንቶውን እስከዚህ ድረስ በጀርባዬ ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በገዛ እግሩ ነው የወጣው!»