ማስታገሻ የሚባለው ሽቦ

ማስጠንቀቂያውን በገዛ እጁ ያፈነ ሰው «ማንም አላስጠነቀቀኝም» ብሎ ሲያለቅስ፣ እንባውን ታብስለታለህ?

አንድ ሰው ነበረ። በቆላ አገር፣ በባቡር ጣቢያ የጥገና ጋራዥ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበረ። በእያንዳንዱ ፉርጎ ሆድ ሥር አንድ ሣጥን ይንጠለጠላል፤ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ የሚመጣውን ኃይለኛ ኤሌክትሪክ አለዝቦ ለአምፖሉ፣ ለማቀዝቀዣውና ለበሩ ያከፋፍላል። በሣጥኑ ውስጥ ደግሞ መቆጣጠሪያ አለ። ሙቀቱን ይለካል፤ ከልክ ሲያልፍ ኃይሉን ይቆርጥና በነጂው ፊት ቀይ መብራት ያበራል።

የዚያ ጋራዥ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ቀዩ መብራት ደጋግሞ ካስቸገረ የሙቀት መለኪያውን ሁለት ጫፎች በቀጭን ሽቦ ያገናኟቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑ ቢግል እንኳ ለመቆጣጠሪያው ቀዝቃዛ ይመስለዋል። ሽቦውን «ማስታገሻ» ይሉታል፤ ይሣሣቁበታልም።

ሰውየው የነገሩን አደጋ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከሦስተኛው ፉርጎ ሣጥን የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተው ሁለት ቀን ሆኖታል። ለአለቃው ነገረው።

«ይህ ፉርጎ አይሂድ። ሣጥኑ ይፈታ።»

«ሰው ተሳፍሮ! ማስታገሻውን ስጠውና ይሂድ» አለ አለቃው። «ደሞ አንተ ብቻ ነህ አፍንጫ ያለህ?»

ሌሎቹ ሳቁ። ሰውየው መሳቂያ መሆን ከበደው። ሣጥኑን ከፈተና ሽቦውን አሰረ።

ከፉርጎው ሥር ሲወጣ አንዲት አዋላጅ ነርስ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ዛሬም ልትቀቅሉን ነው?»

«ግቢ እህቴ፣ ዛሬ በረዶ ነው» አላት።

ባቡሩ በረሃው መሃል ሲደርስ ሣጥኑ ነደደ። ቀይ መብራት አልበራም። በሩም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነውና አልከፈት አለ። ሰዎች መስኮት ሰብረው ወጡ። ነርሷ የተሳፋሪዎችን ልጆች በመስኮት ስታቀብል ጭሱ አፍኖ አስቀራት።

ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ከእናቷ ደጅ ወደቀ።

«እማማ፣ መቆጣጠሪያው አላስጠነቀቀንም» ብሎ ተንሰቀሰቀ።

«ማን ዝም አሰኘው?»

«ታዝዤ ነው።»

«እጁስ የማን ነበር?» አሉት እናትየው፤ በሩንም ዘጉበት።

አንተ የወንድሜ ልጅ፣ «አክስቴ፣ ዘመኑ ነው እንጂ ሰዎቹ ምን ያድርጉ? ለምን ይቅር አትያቸውም?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ከተማችንም መቆጣጠሪያ ነበራት፤ አባትህ ነበር። ግፉን በስሙ እየጠራ በአደባባይ ተናገረ። ጎረቤት «አበደ» አለው፤ የሥራ ባልደረቦቹ ፈርመው አስያዙት፤ የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ «አርፈህ ተቀመጥ» አሉት። እሱ ዝም ከተሰኘ በኋላ ነው ከተማዋ የነደደችው። ዛሬ ደግሞ «ማን ነገረን?» ይላሉ። እያንዳንዳቸው ሽቦ አስረዋል። ያዘዘውንም፣ የፈረመውንም፣ ቆሞ የሳቀውንም ይቅር አልልም። ማንንም።