ንጹሕ ሰው ስልኩን አይቆልፍም

አንዲት ሴት ነበረች፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ያላት። ደግ ሴት ናት፤ ሐሜት አታውቅም። ደንበኞቿ የሐኪም ማዘዣቸውን ፎቶ አንስተው በሱቁ ስልክ ይልኩላታል፤ እሷም መድኃኒቱን ጠቅልላ ታደርስላቸዋለች። የማን ሳንባ፣ የማን ኩላሊት፣ የማን አእምሮ እንደታመመ ያ ስልክ ያውቃል።

አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ እህቶች ሲጫወቱ አንዷ፣ «ስልኳን የምትቆልፍ ሴት የምትደብቀው ነገር ቢኖራት ነው» አለች። ሁሉም ሳቁ። ይቺ ሴት ግን ነገሩ ከነከናት። እዚያው ቁጭ ብላ የሱቁን ስልክ የይለፍ ቃል አጠፋችው። «እኔ ከሰው የምደብቀው የለኝም!» ብላ መሃላቸው አስቀመጠችው። አጨበጨቡላት። እናንተስ ብትሆኑ አታጨበጭቡም ነበር?

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ባንኮኒው ላይ ክፍቱን ይውላል። አንድ ጠዋት ጎረቤቷ እትዬ አፀደ መጡ።

«እታለም፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። አንዴ ለልጄ ልደውልበት።»

ማን እምቢ ይላል? ጎረቤት እኮ ናቸው! ሰጠቻቸውና የሳል ሽሮፕ ልታወርድ ወደ መደርደሪያው ዞረች።

እትዬ አፀደ ቁጥሩን ሲነካኩ መልእክት ገባ። ከመምህርት ፍሬገነት ነው። «እህቴ፣ የሚጥል በሽታዬ መድኃኒት ሊያልቅብኝ ነው። እንደ ወትሮው ሰው እንዳያይ ጠቅልለሽ ላኪልኝ» ይላል። እትዬ አፀደ ክፉ ሴት አይደሉም። አፋቸው ግን አያርፍም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ፍሬገነትን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌ ያዘጋጁ ቤተሰቦች ሐሳባቸውን ቀየሩ። ወላጆችም፣ በሽታው የሚጋባ ይመስል፣ ልጆቻቸውን ከክፍሏ አስወጡ።

ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ስልኩንም ቆለፈችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! መድኃኒቱን ራሷ ይዛ ሄዳ የፍሬገነትን በር አንኳኳች።

«ፍሬዬ፣ እኔ ነኝ። መድኃኒትሽን ይዤልሽ መጣሁ። በናትሽ ሳትወስጂ እንዳታድሪ።»

«ተሳስተሻል፣ እህቴ» አለች ልጅቷ ከውስጥ። «እዚህ ቤት የታመመ ሰው የለም።»

«እኔ ለማንም አልተናገርኩም! እግዜር ምስክሬ ነው!»

«አውቃለሁ። አንቺን ግን አምኜሽ ነበር።»

በሩ አልተከፈተም። እሽጉን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። በማግስቱ ስትመለስ እዚያው ነው፤ ጤዛ አርሶታል።

ወገኖቼ፣ ይቺ ሴት ምን አጠፋች? ሰረቀች? ዋሸች? አማች? የራሷን ንጽሕና ለማሳየት ብላ የሌላ ሰው ገመና አደባባይ አሰጣች። የራሷ ምሥጢር አልነበራትም፤ የሰው አደራ ግን ነበረባት።

እናንተ ባለ ሱቆች፣ እናንተ ባለ ክሊኒኮች፣ እናንተ ጸሐፊዎች፣ የሥራ ስልካችሁን ለጠየቃችሁ ሁሉ ስትሰጡ ማንን አብራችሁ እየሰጣችሁ ነው? ለጥገና ስትተዉት፣ ልጅ ጨዋታ ሲጫወትበት፣ የማን ገበና ነው እጅ በእጅ የሚዞረው? «እኔ ምን አለኝ!» ትላላችሁ። እናንተማ ምንም የላችሁም።

መልካም ፍጻሜ እንድነግራችሁ ትጠብቃላችሁ። የለኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይላል፤ የወጣን ምሥጢር ግን ማን ይመልሰዋል? ሴትዮዋ ዛሬም ወደዚያ በር ትመላለሳለች፤ እሽጉንም መልሳ ይዛ ትሄዳለች። ልጅቷ ሳትታከም ስንት ጊዜ እንደወደቀች የሚያውቅ የለም።

አሁን፣ እዚሁ እንደተቀመጣችሁ፣ ስልካችሁን አውጡ። ማን ነው እናንተን አምኖ እዚያ ውስጥ የተኛው?