አንድ ዓይን ያለው ሥዕል

አንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥል ሰው ነበረ። ልጄ፣ «አባባ፣ በቅጡ በማልናገረው ቋንቋ፣ በሰው አገር፣ ሕመምተኛ እንዴት አስታምማለሁ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ እሱ ትዝ አለኝ።

ይህ ሰው፣ ባሕር ማዶ በሥዕል ሕመምተኛ ማከም ያስተምራሉ ቢሉት ብሩሹን ጠቅልሎ ሄደ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልቡ ለተሰበረ ሰው ቀለምና ወረቀት ይሰጡታል። በአፉ እምቢ ያለው በእጁ ይወጣል። ሐኪሙም አጠገቡ ተቀምጦ ያንን ይሰማል።

የሠዓሊው እጅ የተባረከ ነበረ፤ ምላሱ ግን በዚያ አገር ቋንቋ ተሳሰረ። በትምህርቱ መጨረሻ አንድ ሕመምተኛ ሰጡት። መምህሪቱም «ይህ ሰው ልቡን ካልከፈተልህ ሙያው ያንተ አይደለም፤ ወደ አገርህ ትመለሳለህ» አለችው።

ሕመምተኛው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቃል ያልተነፈሰ አናጢ ነበረ። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ይሥላል እንጂ አይናገርም። ሠዓሊውም በልቡ እየጸለየ ዝም ይላል። ተሳስቶ እንዳይሳቅበት ፈርቶ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አናጢው ራሱን ሣለ፤ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ደነገጠ። በእኛ ሥዕል የጻድቅ ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ፤ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። «ወይኔ፣ ይህ ሰው ራሱን ኰነነ!» ብሎ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ፍርሃቱንም ረሳው።

በዚያ በተሰባበረ ቋንቋው «ወንድሜ፣ አንተ ክፉ አይደለህም! ሌላው ዓይንህ የት ሄደ?» አለው።

አናጢው ቀና አለ። «የምን ክፉ?»

«እኛ አገር አንድ ዓይን ሰይጣን ነው።»

አናጢው ሥዕሉን አየ፣ ሠዓሊውን አየ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኧረ እኔስ ሰይጣን አይደለሁም! አፍንጫ ከፊት ለፊት መሣል አቅቶኝ ነው እንጂ!»

ሲስቅ ሲስቅ እንባው መጣ። «ሚስቴም በዚህ አፍንጫ አሣሣሌ ትስቅብኝ ነበር» አለ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስለ እሷ አወራ።

መምህሪቱ በር ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። ሠዓሊው ሲወጣ «ሥዕሉን ተሳስተህ ነው ያነበብከው» አለችው።

አንገቱን ደፋ። «አዎን፣ ተሳሳትሁ።»

«ግን ጠየቅኸው» አለችና ፈተናውን አሳለፈችው።

በማግስቱ አናጢው ቀድሞት ተገኘ። «በል፣ አፍንጫውን አሳየኝ» አለው። ያን ዕለት ራሱን በሁለት ዓይን ሣለ፤ አፍንጫው ግን ድንች መሰለ፤ ሁለቱም ሳቁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሠዓሊው አንቺ ነሽ። አናጢው ደግሞ እዚያ የሚጠብቅሽ ሕመምተኛ ነው። አፉን ያስከፈተው ያማረ ንግግር አይደለም፤ እንባውን ሳይደብቅ፣ ኰልተፍ ኰልተፍ እያለ የጠየቀው ሰው ነው። እግዚአብሔርም ሙሴን የላከው ምላሱ ኰልታፋ መሆኑን እያወቀ ነው።

በይ ተነሺ፣ ሻንጣሽን አብረን እንሰር።