በገበያ የተሞገሰችው ላም

«ላሙ የጠፋችበት አንድ ገበሬ ነበረ» ብለው ጀመሩ አዛውንቱ መምህር። ጠያቂያቸው ወጣቷ አስተማሪ ስንዱ ነበረች። «ተማሪዎቼ ሁሉ ‹ሰፈሬ እጅግ ውብ ነው› ብለው ይጽፋሉ፤ እኔ ግን የአንዳቸውም ሰፈር አይታየኝም። ምን ብዬ ላስተምራቸው?» ብላቸው ነበር። አዛውንቱ በቀጥታ መልስ መስጠት አይወዱም፤ እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ።

ላሚቱ የጠፋችው ጉም ሜዳውን በሸፈነበት ቀን ነው። ከገበሬው አጠገብ ስትግጥ ቆይታ፣ ጉሙ ሲገለጥ የለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ወንዝ ለወንዝ ሲዞር፣ በየማለዳው ጉም መሐል የቆመ ግንድ ሁሉ ላሙ እየመሰለው «ነይ እንጂ!» እያለ ሲጣራ ሰነበተ። ቤት ደግሞ የአሥር ቀን ጥጃዋ ቀርታለች። የጎረቤት ወተት ቢያቀርቡላት እምቢ ብላ፣ አንገቷን መሬት ላይ ጥላ ተኝታለች።

በዚያ አገር ከብት የጠፋበት ሰው ገበያ ወጥቶ፣ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆሞ የከብቱን ምልክት ይናገራል። ያየ ካለ ይነግረዋል። ይህም ሰው ቅዳሜ ወጣና ቆመ። ችግሩ ንግግር አዋቂ ነው፤ በሠርግም በለቅሶም ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው።

«ላሜ የላሞች እመቤት ናት!» አለ። «ውበቷ ተወርቶ አያልቅም! ደም ግባቷ ዓይን ያፈዛል! እንደ እርሷ ያለች ላም እንኳን በዚህ አገር፣ ባሕር ማዶም አልተፈጠረችም!»

ሰዉ ወደደው፤ አጨበጨበለት፤ «ይደገም!» ያለም ነበር። ደገመው። ከዚያ ሁሉም ወደ ገበያው ተመለሰ። አንድም ሰው «አይቻታለሁ» አላለም።

ገበሬው ከድንጋዩ ወርዶ፣ ሸክላ ከምትሸጥ አንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ከድካሙ የተነሣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ላሙ በዓይነ ሕሊናው መጣችበት። እንደ ነፍሱ የሚወዳት ላም፣ ከነትንፋሿ። ለማንም ሳይሆን ለራሱ ያነበንብ ጀመር።

«የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም፤ ጅብ ነው የቆረጠው። ውኃ ስትጠጣ መጀመሪያ እፍ ትላለች። ሳልባት ዞራ ትከሻዬን ትልሰኛለች፤ ጋቢዬ እዚያ ጋ ሳስቷል። በር ላይ ስትደርስ ቶሎ አትገባም፤ ቆም ብላ የመጣችበትን መንገድ ታያለች። ምን እንደሚታያት እንጃ።»

የሴትዮዋ እጅ ማሰሮው ላይ ቀረ።

«እፍ ትላለች አልክ?»

«አዎ።»

«ቀይ? ከሳ ያለች?»

«ቀይ ናት። ከወለደች ወዲህ ከስታለች።»

«እኔ ግቢ ከታሰረች ሦስተኛ ቀኗ ነው እኮ!»

ገበሬው ብድግ አለ። «ታዲያ ምነው! ያን ሁሉ ስጮኽ እዚህ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ እንጂ! አንተ የላሞች እመቤት ስትል፣ እኔ ያቺን ከሲታ እንዴት ላስባት? ለሌላ ላም ነው ያጨበጨብኩልህ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥጃዋ እናቷ ሥር ገብታ ጠባች። ገበሬውም ደስታና ኀፍረት ተደባልቀውበት አለቀሰ።

አዛውንቱ ወደ ስንዱ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ገበሬው አልዋሸም። ከልቡ ይወዳታል፤ ግን ሙገሳው ላሙን ከሰው ዓይን ሸሸገበት። ልጆችሽም ሰፈራቸውን ስለሚወዱ ነው ድንጋይ ላይ ወጥተው የሚጮኹት፤ ስለዚህ አትቆጪያቸው። ዓይናቸውን አስጨፍኛቸውና እስኪታያቸው ጠብቂ። ከዚያ የትኛው ጆሮዋ እንደተቆረጠ፣ ውኃ ስትጠጣ ምን እንደምታደርግ ጠይቂያቸው። የሚያነብላቸው ሰው እኮ ያቺ ሸክላ ሻጭ ናት። ላሚቱ እርሷው ግቢ ታስራ ቆማለች፤ ምልክቷን ካልነገሯት ግን ፈትታ አትሰጣቸውም።»