አንድ ቃል ለካይሮ

«በአንድ ቃል መልሺ! ግብፅ ለእኛ ወዳጅ ናት ወይስ ጠላት?» አሉ ፕሮፌሰር ዘርዓብሩክ፣ ክራቫታቸውን እያጠበቁ። «ሁለተኛ ቃል ከአፍሽ ከወጣ ካይሮ ሄዶ መማር ቀረ።»

ልጅቷ ወጥመዱ ገብቷታል። «ወዳጅ» ብትል ዓባይን የሸጠች ትባላለች፤ «ጠላት» ብትል ደግሞ፣ ጠላት አገር ምን ልትማር ትሄዳለች? የዚያችን አገር ፖለቲካና ባህል እንዲያጠና የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከእሷ በፊት የተፈተኑት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ወጥተዋል።

አፏን ልትከፍት ስትል የፕሮፌሰሩ ስልክ ጮኸ። ማን እንደደወለ ሲያዩ እንደ ወታደር ብድግ አሉ።

«አቤት እማማ! አዎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ኧረ ዕድሜ ይስጥልን!»

ስልኩን ዘግተው ቁና ቁና ተነፈሱ። «ኤዲያ! የባለቤቴ እናት ናቸው። አንድ ጣራ ሥር እየኖርን ሳንነታረክ የዋልንበት ቀን የለም። ቢሆንም ሲገቡ ተነስቼ ነው የምቀበላቸው፤ ምን ይደረግ? ዝምድና ነው።» ተቀመጡ። «እሺ፣ ቃልሽ?»

«አማት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን ማለትሽ ነው? አብራሪው እንጂ!»

«የፈቀዱልኝ አንድ ቃል ነው፣ ፕሮፌሰር። የቀረውን ከካይሮ እጽፍልዎታለሁ።»

ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«ሂጂ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ! ይሄ ምላስሽ እንደሆነ ያለ ፓስፖርትም ድንበር ይሻገራል...»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ስልኩ እንደገና ጮኸ። እሳቸው ብድግ አሉ፤ እሷም ሳቋን አፍና ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።