ዛሊና የደበቀችው ድካም

አንድ የማላይ ዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ዛሊና እና ማስቱራ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ጎን ለጎን ነው። ትምህርት ቤት አብረው ገቡ፤ ከፍ ሲሉም የሁለቱም ምኞት አንድ ሆነ፤ የመጨረሻውን ትልቁን ፈተና አልፈው ዩኒቨርሲቲ መግባት።

የመንደሩ ወጣቶች ስለ ጉብዝና የማይነቃነቅ እምነት ነበራቸው። ጎበዝ ማለት ሳያጠና የሚያልፍ ነው። መጽሐፍ ይዞ የታየ ልጅ ወዮለት፤ «ሸምዳጁ መጣ!» እየተባለ መቀለጃ ይሆናል። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ሁሉም አንድ የኮኮናት ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ወሬውን ሲሰልቅ ይውላል። ሽማግሌዎቹም በዚያ ባለፉ ቁጥር «የዛሬ ልጅ ሥራ ጠላ» እያሉ ያማርራሉ።

ዛሊና ከዚያ ጨዋታ ቀርታ አታውቅም። ውጤት ሲመጣ ግን አንደኛ የምትወጣው እሷ ናት። «እንዴት አድርገሽ ነው?» ሲሏት ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «እኔ እንጃ፣ ምንም አላጠናሁም» ትላለች።

ውሸቷን ነው። በየማለዳው ከሱብሒ ሶላት በኋላ አባቷ የዓሣ መረብ ከሚያስቀምጥባት ጎጆ ትገባና በሩን ዘግታ ታጠናለች። ሂሳቡ አልገባ ሲላት ታለቅሳለች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ምንም እንዳልተፈጠረ ትወጣለች። መጀመሪያ የዋሸችው መሳለቂያ እንዳትሆን ነበር። ኋላ ግን «ተፈጥሮ ነው፣ ጭንቅላቷ ልዩ ነው!» መባሉ ጣማት። እውነቱን መናገር ከፍ ካለችበት መውረድ መሰላት።

ማስቱራ ግን መደበቅ አታውቅበትም። ቤቷ በረንዳ ላይ፣ ሰው እያያት ታጠናለች፤ እየተቀለደባትም ትቀጥላለች። ከሂሳብ ጋር ግን አልተስማማችም። ፈተናው ጥቂት ወራት ሲቀሩት አንድ ቀን ዛሊናን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ትምህርቱን ልተወው ነው» አለቻት። «ፔናንግ ከተማ ያለችው አክስቴ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝታልኛለች።»

«ምን ሆነሽ ነው? ይህን ያህል ደርሰሽ?»

«አንቺ ሳታነቢ ይገባሻል፤ እኔ እያነበብኩ አይገባኝም። አላህ ለሁሉም የየራሱን ሰጥቶታል። ለእኔ ጭንቅላቱን አልሰጠኝም፤ ምን ላድርግ?»

እውነቱ ከዛሊና ከንፈር ላይ ደረሰ። አንዲት ቃል ብትናገር ጓደኛዋ አትሄድም ነበር። ግን እስከ ዛሬ ስትዋሻት እንደኖረች መናገሩ አሳፈራት። «አይዞሽ፣ ሥራም እኮ ጥሩ ነው» አለቻት። ማስቱራም በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

ዛሊና ፈተናውን ከአካባቢው ሁሉ በልጣ አለፈች። ወላጆቿ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው የምስጋና ድግስ ደገሱ። በዚያ አገር ድግስ ሲኖር ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ አብሮ ያበስላል። ማስቱራም ለጓደኛዋ ድግስ ላለመቅረት ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ፣ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዛ መጣች። እንደመጣችም ጉድ ጉድ ማለት ጀመረች።

ትልቁን ድስት እያማሰለች ሳለ ገና ተማሪ የሆኑ የመንደሩ ልጃገረዶች ከበዋት ሽንኩርት ይልጣሉ። ዛሊና ውሃ ይዛ ወደ እነሱ ስትቀርብ የማስቱራን ድምፅ ሰማች።

«እናንተም በከንቱ አትድከሙ» ትላቸዋለች። «እንደ ዛሊና የተሰጠው ይማራል። ያልተሰጠው እንደኔ በጊዜ ሥራውን ይፈልጋል። እኔ ይህ ሳይገባኝ ስንት ጊዜ አለቀስኩ መሰላችሁ!»

ቅናት የሚባል ነገር አልነበረባትም። ከልቧ አዝናላቸው ነው የምትመክራቸው። ልጃገረዶቹም «እውነት ነው» እየተባባሉ ይሰሟታል።  ዛሊና አንድ ጓደኛዋን ብቻ የጎዳች መስሏት ነበር፤ አሁን ግን ውሸቷ በምትወዳት ልጅ አፍ ለሌሎች ሲታደል አየች።

ይሄኔ የመንደሩ ሹም ከእንግዶቹ መካከል ተነሥተው ጠሯት።

«ነይ እስቲ ልጄ! እንዴት እንዳለፍሽ ለእነዚህ ሰነፎች ንገሪልን።»

ዛሊና ከእንግዶቹ ፊት ቆመች።

«ሐጂ፣ እኔ ዋሽቻለሁ» አለች። «ሳላጠና ያለፍኩት ፈተና የለም። በየማለዳው የአባቴ መረብ ቤት ውስጥ ተደብቄ ሳጠና ነው የኖርኩት። አልገባኝ ሲል አለቅስ ነበር። ለእኔ ብቻ የተሰጠኝ ነገር የለም።»

 አንዲት አሮጊት ሳቅ ብለው አጨበጨቡ።

«አያችሁልኝ ትሕትናዋን! አላህ ሲሰጥ እንዲህ ከነአደቡ ነው!»

ሁሉም ተከትሎ አጨበጨበ። ዛሊና «እማማ፣ ትሕትና አይደለም፤ እውነቴን ነው!» ብትል ጭብጨባው ባሰበት። ውሸቷን ሳይጠይቅ የተቀበለው መንደር እውነቷን አልቀበልም አለ።

ያላጨበጨበችው ማስቱራ ብቻ ነበረች። ጓደኛዋ የምሯን ስትናገር ፊቷ ምን እንደሚመስል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ማማሰያውን አስቀምጣ ቀስ ብላ ወደ ዛሊና መጣች።

«እኔ ሂሳቡ አልገባኝ ብሎ ሳለቅስ አንቺም ታለቅሺ ነበር?»

«አዎ።»

«በዚያው ሂሳብ?»

«በዚያው።»

የማስቱራ ዓይን እንባ ሞላ።

«ታዲያ ለምን ለብቻዬ አስለቀስሽኝ?»

 ዛሊናን በፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟት አያውቅም። በማግስቱ ማስቱራ ወደ ፋብሪካዋ ተመለሰች።

ወዳጆቼ፣ ሽማግሌዎቹ ልጆቹን ሰነፎች ይሏቸው ነበር። ማስቱራ ግን ሰንፋ አልነበረም የሄደችው፤ ተስፋ ቆርጣ ነው። ተስፋዋን የወሰደባት ደግሞ የሂሳቡ ክብደት አልነበረም፤ ለሌላው ሰው ቀላል ነው ብላ ማመኗ ነው። ውጤታችንን አደባባይ አውጥተን ድካማችንን ስንደብቅ፣ አጠገባችን የሚደክመው ሰው ድካሙን የድንቁርናው ምስክር ያደርገዋል። ስለዚህ ለምንወደው ሰው ያለፍንበትን ሰርተፊኬት ከማሳየታችን በፊት የወደቅንበትን እናሳየው። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ እኛ ቀላል አስመስለን ባለፍንበት መንገድ ላይ «ይህ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ የተመለሰው ማን ይሆን?